ቀበቶው ለትራፊክ አይደለም

ባለፈው ሳምንት ታክሲ ጋቢና ተቀምጬ ነበር። ሾፌሩ አደባባዩ ላይ ትራፊክ ሲያይ ቀበቶውን ስቦ ደረቱ ላይ አጋደመው፤ አልቆለፈውም። እንዳለፍን ለቀቀው። "ወንድሜ፣ ለምን አታስረውም?" ብለው፣ "ከተማ ውስጥ ምን ፍጥነት አለ ብለህ ነው!" አለኝ።

አልፈረድኩበትም። ሞመንተምና ኢምፐልስን ሃይ ስኩል ተምረናል። ፎርሙላውን ሸምድደን ፈተናውን አለፍን፤ ከመኪና ጋር ያገናኘልን ግን አልነበረም።

ሞመንተም መጠነ ቁስ በፍጥነት ሲባዛ ነው። ኒውተን በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ "የእንቅስቃሴ መጠን" ያለው ይህንኑ ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር እንዲቆም ኢምፐልስ ያስፈልጋል፤ ይኸውም ኃይል በጊዜ ሲባዛ ነው። ጊዜው ካጠረ ኃይሉ ይበረታል።

በቁጥር እንየው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ መኪናው ከግንብ ጋር ተጋጨ እንበል። ቢታሰርም ባይታሰርም ሞመንተሙ ያው ነው፤ ዜሮ መግባቱም አይቀርም። በቀበቶ ታስሮ፣ የመኪናው አፍንጫ እየተጨማደደ በ0.1 ሰከንድ ቢቆም፣ በአማካይ የሚያርፍበት ኃይል የ1.2 ቶን ክብደት ያህል ነው፤ ያውም በትከሻ፣ በደረትና በዳሌ ተከፋፍሎ። ሳይታሰር ከዳሽቦርዱ ጋር ተላትሞ በ0.01 ሰከንድ ቢቆም ግን 12 ቶን ይሆናል።

ይህን በገዛ ገላው የፈተነ ሰው ነበር፦ የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪሙ ጆን ፖል ስታፕ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 1954 ኒው ሜክሲኮ በረሃ ውስጥ፣ በሮኬት እየተገፋ በሐዲድ በሚሮጥ ወንበር ላይ ታስሮ በሰዓት 1,017 ኪሎ ሜትር ተፈተለከ። ከዚያ በ1.4 ሰከንድ ቆመ። በከፋችው ቅጽበት ያረፈበት ኃይል የክብደቱን 46 እጥፍ ነበር። ዓይኑ ደም ለብሶ ለጊዜው ማየት ተሳነው። ግን በደንብ ታስሮ ስለነበር ተረፈ፤ እስከ 1999 ኖረ።

ስታፕ ከዚያ በኋላ ስለ መኪና ቀበቶ መወትወቱን አላቆመም። በ1959 የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ዛሬ የምናውቀውን፣ ትከሻና ዳሌን አንድ ላይ የሚይዘውን ቀበቶ ሠራ፤ ኩባንያውም ሌሎች እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። በ1966 የአሜሪካ የመኪና ደህንነት ሕግ ሲፈረም ስታፕ በቦታው ነበር።

የፊዚክስ መምህራን ሆይ፣ ትምህርቱን ከፎርሙላው ሳይሆን ከቀበቶው ጀምሩት። ተማሪው ከክፍል ወጥቶ የሚሳፈረው ታክሲ ነው። ሾፌሮቻችንም፦ ትራፊኩ የሚቀጣችሁ በብር ነው፤ ሞመንተም ግን ብር አይቀበልም።