ስትሮቤሪ በሐሰት የተከሰሰበት ዓመት

ኮሶ ከጥሬ ሥጋ እንደሚመጣ ከኛ መሀል የማያውቅ የለም። ጥሬ ቅጠልን ግን ማን ይጠረጥራል? እዚህ ገዳሪፍ ፉል ሲቀርብ ጥሬ ሽንኩርትና ጅርጅር አብሮ ይመጣል። «የሆድ ጥገኛ ተውሳክ የድሃ አገር ነገር ነው» የሚሉ ተማሪዎችም አሉ። እንግዲህ ይህን ታሪክ ስሙ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አሽፎርድ የሚባል ተመራማሪ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ ቁንጭርን ያጠና ነበር። ቁንጭር በገዳሪፍ በደንብ የምናውቀው የካላዛር ዘመድ ነው። ይኸው ሰው በኋላ ወደ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ሄዶ፣ በሰው ሰገራ ውስጥ ያየውን ያልታወቀ ረቂቅ ተውሳክ በ1979 ጽፎ አሳወቀ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በፔሩ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሳይክሎስፖራ ካየታኔንሲስ ብለው ሰየሙት። ስሙ የተወሰደው ሊማ ከተማ ካለው ካየታኖ ኤሬዲያ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ይህ ተውሳክ አንድ ልዩ ጠባይ አለው። ከሰገራ እንደወጣ ወዲያው ሰው አያሳምምም። ውጪ ሙቀት ውስጥ አንድ ሁለት ሳምንት ቆይቶ መብሰል አለበት። ስለዚህ የሚመጣብን በተበከለ ውሃ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ነው። ውሃ ላይ የምንጨምረው ክሎሪንም አይገድለውም።

በ1996 ጸደይ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ብዙ ሰው ለሳምንታት በማይቆም ተቅማጥና ድካም ተያዘ። ተመዝግበው የተቆጠሩት 1,465 ናቸው። መጀመሪያ ቴክሳስ ውስጥ ጣት የተቀሰረው በካሊፎርኒያ ስትሮቤሪ ላይ ነበር። ሰው መግዛት አቆመ፤ ገበሬዎቹ ከሰሩ። መርማሪዎቹ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። በአንድ ድግስ ላይ የታመመውንም ያልታመመውንም «ምን በላህ? ምን አልበላህም?» እያሉ ጠየቁ። መልሱ ከጓቴማላ የመጣ ራስፕቤሪ ሆኖ ተገኘ፤ የደጋው እንጆሪያችን ዘመድ ማለት ነው። ስትሮቤሪው ነፃ ወጣ፤ ኪሳራው ግን ቀረ።

በ1997 በሽታው ተመለሰ። በ1998 ጸደይ አሜሪካ የጓቴማላን ራስፕቤሪ አላስገባም አለች፤ ካናዳ አስገባች። በዚያ ወቅት ኦንታሪዮ ውስጥ ሰው ከራስፕቤሪው ታመመ፤ አሜሪካ ውስጥ ከዚህ ፍሬ የመጣ ወረርሽኝ አልታየም። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

እኛ ስደተኞች ጣት ሲቀሰር እንዴት እንደሚያም እናውቃለን። በሽታ በገባ ቁጥር «እነሱ ናቸው ያመጡት» ይባላል፤ እኛም እርስ በርሳችን «የዚያኛው ብሎክ ሰዎች ናቸው» እንባባላለን። ተውሳኩ ግን የሀብታም አገር ማቀዝቀዣ አላስቆመውም፤ የማንንም መታወቂያ አይጠይቅም። እውነቱን ያወጣው የታመመውንና ያልታመመውን አስተያይቶ መጠየቅ ነው።

ስለዚህ ቅጠሉን አትጣሉት፤ ለሕፃናት ጥሩ ነው። በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት፤ ማጠብ ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም፣ አስተማማኙ ማብሰል ነው። ተቅማጡ ከሳምንት ካለፈ ክሊኒክ ሂዱ፤ ስንት ቀን እንደቆየና ምን ጥሬ ነገር እንደበላችሁም ተናገሩ። ለሳይክሎስፖራ የሚሰጠው ኮትሪሞክሳዞል ነው፤ ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትዋጡ።

ለክፍል ውይይት፦ በሰፈራችሁ ሦስት ቤተሰብ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሆዱን ቢታመም፣ ማንን ከመውቀሳችሁ በፊት ምን ምን ትጠይቃላችሁ?