የላፍቶ ቆስጣና የኤንጄል ሄክታር

ከተማ ወደ እርሻ መሬት ይስፋ ወይስ አይስፋ በሚለው ክርክር በአገራችን ብዙ የተጻፈው ስለ ካሳ ነው። ዐዋጅ 455/1997 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ የዓመታዊ ገቢውን 10 እጥፍ ፈቀደ፤ ዐዋጅ 1161/2011 ወደ 15 እጥፍ አሳደገው። ይህን የሕግ ባለሙያዎች በሚገባ ስለመረመሩት እዚህ አይደገምም። የዚህ መጣጥፍ ሙግት ከከተማ መስፋፋት ተመራማሪው ከሽሎሞ ኤንጄል ጋር ነው።

ኤንጄል ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት ከተማን በወሰን አጥሮ ማቆየት ከንቱ ድካም ነው ይላሉ። ወሰኑ ሲጠብብ መሬት ይወደዳል፤ ድሃው ቤት ያጣል። ስለዚህ ወሰኑን አስቀድሞ ማስፋት፣ በየ1 ኪሎ ሜትሩ ለዋና መንገድ ቦታ ማስከበር፣ የሚጠበቁ ክፍት ቦታዎችንም መርጦ መለየት ይበጃል ባይ ናቸው። አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳና መቀሌ የማስፋፊያ ዕቅዳቸውን በዚሁ መንገድ ነድፈዋል። ስለ ቤት ዋጋ የተባለው እውነት ነው።

ስሕተቱ መሬትን በስፋት ብቻ መለካት ላይ ነው። ከተሞች የያዙት ከዓለም የብስ ግማሽ በመቶ ገደማ ነው የሚለው ስሌት አንባቢን ያረጋጋል። ነገር ግን ከተማ የሚቆረቆረው ብዙውን ጊዜ ውኃና ለም አፈር ባለበት ነው፤ ሲሰፋም የሚውጠው ያንኑ ነው። «ክፍት ቦታ» የሚለው ቃልም ያልተገነባበትን ሁሉ ያጠቃልላል፤ መናፈሻውና የቆስጣው መደብ አንድ ስም ይይዛሉ።

በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ያለውን ላፍቶን ማየት ይበቃል። በዚህ በኩል ያለው ሜዳ በብዛት መረሬ ነው፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ያብጣል። ገበሬው ዝናቡ ሲያባራ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል፤ አፈሩ በያዘው እርጥበት ብቻ ያፈራለታል። ቤት ሠሪው ግን መሠረት ከመጣሉ በፊት ያንኑ አፈር ቆፍሮ በገልባጭ መኪና ማስወጣትና ጉድጓዱን ሰሌክት በሚባለው የተመረጠ አፈር መሙላት አለበት። የአንዱ ሀብት ለሌላው ወጪ ሲሆን፣ በሄክታር ሠንጠረዥ ላይ ሁለቱም አይታዩም።

ከኤንጄል 17 ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1994፣ አክሱማይት ገብረእግዚአብሔር የካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ባሳተመው መጽሐፍ ስለ አዲስ አበባ የኅብረት ሥራ አትክልተኞች ጽፈዋል። በማስፋፊያ ክርክር ይህ ጥናት ሲጠቀስ እምብዛም አይታይም። ከምርቱ ከፊሉ ለአምራቹ ገበታ፣ የቀረው ለገበያ እንደሚውል፣ እርሻውም የድሃ ቤተሰብ መተዳደሪያ እንደሆነ ያሳያሉ። ከማኅበራቱ አንዱ የመካኒሳ፣ የፉሪና የሳሪስ አትክልት አምራቾች ነበር። ቆስጣ ሥሩ ሳይነቀል ቅጠሉ ደጋግሞ ይቆረጣል፤ በማለዳ ታጥቦ፣ በእስር በእስር ተደርጎ ጉልት ይወርዳል። መደቡ በዓመት ስንት ጊዜ እንደተቆረጠ ሳይጠይቅ የሚያልፍ ቀያሽ መሬቱን ባዶ ብሎ ይመዘግባል።

አትክልቱ በተበከለ ውኃ ይለማል የሚል መቃወሚያ ይነሣል። ፍስሐ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 በከተማዋ ቅጠላ ቅጠል ላይ ያሳተሙት የብረታ ብረት ምርመራ ለዚህ ይጠቀሳል። ተጠያቂው ፍሳሹን ወደ ወንዝ የሚለቀው ነው፤ መደቡ ላይ ቤት ቢሠራ ወንዙ አይጠራም።

ወሰኑ በነሐሴ 2014 በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ስምምነት ስለተሰመረ ጉዳዩ አብቅቷል የሚሉም አሉ። ያ መስመር የአስተዳደር ነው። ከመስመሩ ማዶ ያለው ፉሪ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ነው፤ ማሳው በሁለት ከተሞች መካከል ቆሟል።

እርግጥ የአክሱማይት ጥናት የሌላ ዘመን ነው፤ ቁጥሮቹን እንዳሉ ወደ ዛሬ ማምጣት አይገባም። የሚወሰደው አጠያየቃቸው ነው፦ ማን ያመርታል፣ ማን ይበላል፣ በዓመት ስንት ዙር? የላፍቶ ወሰን ዳግም ሲነሣ ከሄክታሩ ጎን የአፈሩ ዓይነት፣ ከወንዝ ያለው ርቀትና የምርቱ ዙር በየማሳው ሊመዘገቡ ይገባል።