ዓባይ በጣና፥ ብርጭቆ በምድጃ

በጎጃም በሰከላ ከግሽ ተራራ ግርጌ፥ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ስፍራ የሚፈልቀው ውኃ ግልገል ዓባይ ተብሎ ወደ ሰሜን ይወርድና ጣና ሐይቅ ይገባል፤ ከዚያም በባሕር ዳር በኩል ትልቁ ዓባይ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ጉዞ ከጥንት ጀምሮ የሚነገረው፥ ዓባይ ሐይቁን ሲያቋርጥ ከሐይቁ ውኃ ጋር ሳይቀላቀል ያልፋል የሚለው ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ጀሮኒሞ ሎቦም የወንዙ ውኃ በሐይቁ ላይ ተለይቶ እንደሚታይ ጽፎአል። መግቢያውም መውጫውም ሁለቱ በሐይቁ ደቡብ ወገን መሆናቸውን በካርታ የተመለከተ ሰው ነገሩ ከየት እንደ ተነሣ ይገባዋል። ይሁን እንጂ ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሰፍቶ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር የማይበልጥ ስለ ሆነ፥ ነፋስ እያማታው ውኃው መቀላቀሉ አይቀርም።

ይህን ያነሣነው ስለ ወንዝ ለመጻፍ አይደለም። ለወንዙ እንደ ክብር የሚቈጠረው ሳይቀላቀሉ ማለፍ በብርጭቆ ምድጃ ውስጥ ዋና ጉድለት ነውና፥ ጉድለቱን ለማስወገድ የሚደረገው ሥራ በአማርኛ ምን ይባል? የሚለው ጥያቄ ነው ብዕር ያስነሣን።

ብርጭቆ ከአሸዋ፥ ከሶዳና ከኖራ ድንጋይ እንደሚሠራ አንባብያን ያውቃሉ። እነዚህ በ1,500 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ሲቀልጡ ከሶዳውና ከኖራ ድንጋዩ አየር ይወጣል፤ ቅልጡም እንደ ማር የወፈረ ስለ ሆነ አረፋው በውስጡ ተይዞ ይቀራል። አረፋውን ለማስወጣት ሙቀቱን ከፍ ያደርጋሉ፤ ትልልቅ አረፋ የሚፈጥር እንደ ሶዲየም ሰልፌት ያለ ነገርም አስቀድመው ይጨምራሉ፤ ትልቁ አረፋ ወደ ላይ ሲወጣ ትንንሹን እየሰበሰበ ይሄዳል። ነገር ግን አረፋው ከወጣም በኋላ ሥራው አላለቀም። ቅልጡ አንዱ ወገን የጋለ፥ ሌላው የቀዘቀዘ፥ አንዱ ቀጭን ሌላው ወፍራም ሆኖ ሳለ ወደ ቅርጽ ማውጫው ቢደርስ፥ በዕቃው ላይ ክር መሳይ ዥረት ይታያል። ስለዚህ ወደ 1,100 ወይም 1,200 ዲግሪ ያህል ቀስ ብሎ በርዶ ሙቀቱ ከዳር እስከ መካከል አንድ እንዲሆን ያስፈልጋል። የጽሑፋችን ነገር ይህ ሁለተኛው ሥራ ነው።

በቀድሞ ዘመን ለዚህ ሥራ የተለየ ስም ማውጣት አላስፈለገም፤ ሁሉም በአንድ የሸክላ ጋን ውስጥ ይፈጸም ነበርና። ሠራተኛው ሌሊት ያቀልጣል፥ አረፋውን ያስወጣል፥ ከዚያም እሳቱን ዝቅ አድርጎ ይጠብቃል፤ ሲነጋ ይነፋል። ሰዓቱ ራሱ ሥራውን ይለይለት ነበር። በዥረቱ የተቸገሩት ይልቁን የመነጽር ሠሪዎች ናቸው። የሰዓት ሣጥን ይሠራ የነበረው የስዊስ ሰው ፒየር ሉዊ ጊናን ብዙ ዓመት ደክሞ፥ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ቅልጡን በሸክላ ማማሰያ ማማሰል ጀመረ፤ ወጥ ከማማሰል የማይለይ ይህ ቀላል ዘዴ ለሩቅ መመልከቻ የሚሆን ጥሩ መስተዋት አስገኘ። ከእርሱም ጋር በባቫርያ የሠራው ፍራውንሆፈር በ1814 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያሉትን ጥቋቁር መስመሮች ለይቶ ማጥናት ቻለ።

ነገሩን የለወጠው ግን በ1867 ፍሪድሪክ ሲመንስ በድሬስደን ያቆመው የማያቋርጥ ምድጃ ነው። በዚህ ምድጃ አሸዋው በአንድ ጫፍ ሲገባ የበሰለው ብርጭቆ በሌላው ጫፍ ይወጣል፤ ቀንና ሌሊት አይለይም። ቀድሞ በጊዜ ይከፈል የነበረው ሥራ በቦታ ተከፈለ ማለት ነው፤ ልክ እንደ ዓባይ መንገድ። ወዲያውም የሎቦ ዥረት በምድጃው ተገኘ፤ ያልበሰለው ቅልጥ አቋራጭ አግኝቶ ከበሰለው ሳይቀላቀል ወደ መውጫው ይሮጣል። ይህን ለመከልከል ማቅለጫውንና መውጫውን በታች በኩል በጠባብ መተላለፊያ አገናኙት፤ ከላይ የሚንሳፈፈው እድፍ ወደ ኋላ ይቀራል። ከ1920ዎቹም ወዲህ ጠርሙስ የሚሠራው መኪና እኩል የሚመዝን ጠብታ ስለሚፈልግ፥ ከምድጃው ፊት ረጅም ቦይ ተዘረጋ፤ በቦዩ ውስጥ ዳር ዳሩን እየሞቀ መካከሉን እየበረደ ቅልጡ ይስተካከላል። ጥቂት ዲግሪ ብቻ ቢለያይ የጠብታው ክብደት ይለወጣልና፥ ይህ ቦይ ታናሽ ቢመስልም የፋብሪካው ትርፍና ኪሳራ ያለው በእርሱ ላይ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ብርጭቆ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአንደኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የቀይ ባሕር መርከበኞች መምሪያ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ብርጭቆን ይቈጥራል፤ በአክሱም ቁፋሮም የብርጭቆ ዕቃ ተገኝቶአል። ግን ለብዙ ዘመን የደረሰን ያለቀለት ዕቃ ስለ ነበረ፥ ቋንቋችን ብርሌ፥ ጠርሙስ፥ መስተዋት፥ ዶቃ እያለ ዕቃውን ሲሰይም የምድጃውን ውስጥ ሳይሰይም ቀረ። በአዲስ አበባ የጠርሙስና የብርጭቆ ፋብሪካ ከቆመ፥ የሙገርም አሸዋ በገዛ ምድጃችን ከቀለጠ ወዲህ ይህ ጉድለት የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሁለቱንም ሥራ «ማጣራት» ብሎ መተርጐም ይቀናል። እኛ ግን አደገኛ ነው እንላለን። «አጣራ» የተባለ ሠራተኛ እሳቱን ቢጨምር አይፈረድበትም፤ አረፋ የሚወጣው በእሳት ነውና። በቦዩ ውስጥ እሳት ቢጨመር ግን የጠፋው አረፋ እንደ ገና ይፈላል፥ የሌሊቱም ድካም ከንቱ ይሆናል።

ቃሉን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻም። ቅቤን ስታነጥር እሳት የምታነድ፥ አረፋውን የምትገፍፍ እናት የመጀመሪያውን ሥራ ታውቀዋለች፤ እርሱ ማንጠር ይባል። ለሁለተኛው ማጥለል የሚሉ አሉ፤ ማጥለል ግን አተላውን ከታች ትቶ ጥሩውን መቅዳት ስለ ሆነ፥ አተላ ለሌለው ነገር አይስማማም። እኛ የምንመርጠው ማስከንን ነው። ውኃ ሲረጋ ሰከነ ይባላል፤ ከቍጣው የተመለሰም ሰው ሰከነ ይባላል፤ ሁለቱም ከመናወጥ ወደ አንድነት መመለስ ነው፥ እሳት መጨመርንም ማንም አያስብበትም። ከዚሁ ማቅለጫ፥ ማንጠሪያ፥ ማስከኛ የሚሉ የሦስት ክፍሎች ስሞች ይወጣሉ። በመካከል ያለውን ጠባብ መተላለፊያ ፈረንጆቹ ጉሮሮ ብለውታል፤ እርሱን እንዳለ ብንወስደው ለአማርኛ የሚከብደው አይመስለንም።