የኪውቢት ዕድሜ፦ ከጹኩባ እስከ ዊሎው

በሱፐርኮንዳክተር የሚሠራውን የኳንተም ኮምፒውተር ታሪክ በኪውቢቶች ብዛት መቁጠር ተለምዷል። እኔ ግን በኪውቢቱ ዕድሜ ብንለካው ይሻላል ባይ ነኝ።

መሠረቱን የጣለው ጆሴፍሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1962፣ ገና የ22 ዓመት ተማሪ ሳለ፣ ያለ ተቃውሞ የሚጓዘው የኤሌክትሪክ ፍሰት ቀጭን ማገጃን አልፎ እንደሚሄድ ተነበየ። በ1985 ክላርክ፣ ዴቮሬና ማርቲኒስ በበርክሌይ፣ በእጅ የሚያዝ ሰርኪዩት እንደ አቶም የኳንተምን ሕግ እንደሚከተል አሳዩ። (ኖቤሉ የደረሳቸው ከ40 ዓመት በኋላ ነው!)

በ1999 ናካሙራ፣ ፓሽኪንና ጻይ በጃፓን ጹኩባ የመጀመሪያውን የሱፐርኮንዳክተር ኪውቢት አንቀሳቀሱ። የኳንተም ጠባዩ የቆየው ለጥቂት የሰከንድ ቢሊዮንኛዎች ብቻ ነበር፤ ወደ ፍጹም ዜሮ በተጠጋ ቅዝቃዜ ቢያዝም ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ሁከት ያናውጠው ነበርና። በ2007 ዬል ላይ የተነደፈው ትራንስሞን ይህን ሁከት እንዲቋቋም ተደርጎ ተሠራ፤ የኪውቢት ዕድሜም ከዓመት ዓመት እየረዘመ፣ ከ1999ኙ ጋር ሲነጻጸር ዛሬ በአሥር ሺዎች እጥፍ አድጓል።

በ2019 ጉግል፣ በ53 ኪውቢት በ200 ሰከንድ የሠራሁትን ስሌት ሌላው ኮምፒውተር በ10,000 ዓመት ይጨርሰዋል አለ፤ አይቢኤም ደግሞ ሁለት ቀን ተኩል ይበቃል ሲል ሞገተ። ያ ክርክር ከሚገባው በላይ የጮኸ ይመስለኛል። የሚልቀው ዜና የ2024ቱ ዊሎው ነው፤ የኪውቢቶቹ ፍርግርግ ከ3 በ3 ወደ 5 በ5፣ ቀጥሎም ወደ 7 በ7 ሲሰፋ ስሕተቱ በየእርምጃው ከግማሽ በታች ወረደ። ቀድሞ ግን በአብዛኛው ኪውቢት በተጨመረ ቁጥር ስሕተትም አብሮ ይጨምር ነበር። ዋጋውንም ተመልከቱ፦ 101 ኪውቢቶች ተባብረው የጠበቁት የአንዲት ኪውቢትን መረጃ ነው፤ ጠቃሚ የሚባለው ስሌት ደግሞ እንዲህ የተጠበቁትን በብዙ መቶዎች፣ ምናልባትም በሺዎች ይሻል።