ክህሎትና ተነሳሽነት በነርሶች የሥራ አፈጻጸም ውስጥ ያላቸው ድርሻ

በሆስፒታል ከታካሚው አጠገብ ረጅሙን ሰዓት የሚያሳልፈው ባለሙያ ነርስ ነው። ሐኪሙ ጎብኝቶ ያልፋል፤ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚሰጠው፣ ሙቀቱንና የደም ግፊቱን የሚለካው፣ የሕመሙን መለወጥ ቀድሞ የሚያየው ተረኛው ነርስ ነው።

የድሬዳዋ ሁኔታ ይህን ጎልቶ ያሳያል። በሞቃታማዋ ከተማ በ2006 ዓ.ም የደንጊ ትኩሳት፣ በ2011 ዓ.ም መጨረሻ ቺኩንጉንያ፣ በ2014 ዓ.ም ደግሞ ወባ በወረርሽኝ መልክ ተከስተዋል። ሦስቱም በትኩሳት፣ በራስ ምታትና በቁርጥማት ስለሚጀምሩ በመጀመሪያ እይታ ይመሳሰላሉ። ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታልን በመሰሉ ተቋማት የሚሠራ ነርስ ክህሎቱ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

ደንጊ በተለይ አሳሳች ነው። አደገኛው ምዕራፍ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ትኩሳቱ በርዶ አስታማሚው “ተሻለው” ብሎ በተጽናናበት ሰዓት ነው። ጽኑ የሆድ ሕመም፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ የድድ መድማት፣ የእጅና የእግር መቀዝቀዝ የአደጋ ምልክቶች ናቸው። ለሕመም ማስታገሻ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን መስጠትም የመድማት አደጋን ያባብሳል። ይህን የማያውቅ ነርስ፣ ቅን ቢሆንም እንኳ፣ ታካሚውን ሊጎዳ ይችላል።

በአንጻሩ ምልክቶቹን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ነገር ግን ተስፋ የቆረጠ ነርስ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥቶ የደም ግፊት ላይለካ ይችላል። እውቀቱ አለ፤ ታካሚው ዘንድ ግን አልደረሰም።

ሜልቪን ብሉምበርግና ቻርልስ ፕሪንግል የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተሙት ጽሑፍ አፈጻጸም የችሎታ፣ የፈቃደኝነትና የምቹ ሁኔታ ብዜት መሆኑን አመልክተዋል። በብዜት አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱም ዜሮ ነው። ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ በበኩሉ ደመወዝን ቅሬታ ከሚያስወግዱ፣ እውቅናንና የሙያ ዕድገትን ደግሞ ተነሳሽነት ከሚፈጥሩ ነገሮች መድቧል። ደመወዝ የወር ወጪ በማይሸፍንበት ሁኔታ ግን ይህን ክፍፍል እንዳለ መቀበል ያስቸግራል፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያው ለዘገየበት ነርስ የምስጋና ወረቀት ምን ያህል ብርታት እንደሚሰጥ መገመት አያዳግትም።

በመሆኑም አፈጻጸም ሲጓደል ሥልጠና ማዘጋጀት ሁልጊዜ መፍትሔ አይሆንም። ጉድለቱ የክህሎት ከሆነ ሥልጠናውና አልጋ አጠገብ የሚደረገው ክትትል ይጠቅማል። የተነሳሽነት ከሆነ የተረኝነት ድልድሉ፣ ክፍያውና የኃላፊው አያያዝ መታየት አለባቸው። የደም ግፊት መለኪያው ተበላሽቶ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ መጠገን ያለበት መለኪያው ነው።