ነሐሴ 22 ቀን 1875 ዓ.ም. በሐኪም ጋራ ላይ ምን አለፈ?

በ1875 ዓ.ም. ክረምት ሐረር በግብፆች እጅ ነበረች። የራውፍ ፓሻ ጦር ከገባ ስምንት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። በከተማዋ ከሚነግዱት የውጭ ሰዎች አንዱ የ28 ዓመቱ ፈረንሳዊ አርተር ራምቦ ነው። ነሐሴ 20 ቀን ለአሠሪዎቹ ስለ ሐረር ገበያ ደብዳቤ ጻፈ። በሁለተኛው ቀን ኢንዶኔዥያ ውስጥ ክራካታው የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ።

ድምፁ 4,800 ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው የሮድሪገስ ደሴት ተሰምቷል። ከድምፁ ይልቅ ሩቅ የሄደው ግን ጆሮ የማይሰማው የአየር ግፊት ሞገድ ነው። በሰዓት ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ እየተጓዘ ምድርን ከአንድም ሦስት ጊዜ ዞሯል። ሐረር ከክራካታው 7,200 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እኔ ባሰላሁት፣ ሞገዱ ሐረር የደረሰው ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ጁገልን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማለፍ ሦስት ሰከንድ አይፈጅበትም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ሐኪም ጋራ ላይ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ቢኖር ምንም አይታወቀውም። የግፊቱ ለውጥ ሦስት ፎቅ ደረጃ ከመውጣት የሚበልጥ አይደለም፤ ያውም ቀስ ብሎ በደቂቃዎች ውስጥ የሚሆን።

የዚያን ቀን ታሪክ የተጻፈው የግፊት መመዝገቢያ ከቆመባቸው 50 ያህል ጣቢያዎች ነው። የሚያስቆጨኝ ይኸው ነው። ራምቦ በጥር 1881 እ.ኤ.አ.፣ ሐረር በገባ በሁለተኛው ወር፣ ፓሪስ ላለ አንድ የመሣሪያ ሠሪ ጽፎ የሒሳብ፣ የሥነ ፈለክና የአየር ጠባይ መለኪያዎችን የሚሠሩ ምርጥ ፋብሪካዎች እንዲጠቆሙት ጠይቆ ነበር። በምሥራቁ አገር ሊሸጣቸው አስቦ ነው። ስለ ራምቦ ስንጽፍ ግጥሙንና የጠመንጃ ንግዱን እንደጋግማለን፤ እንደ እኔ ግን ለሐረር ታሪክ ይህ ደብዳቤ ይበልጣል።

የክራካታው ነገር በዚህ አላበቃም። አመዱ ወደ ሰማይ ከፍ ብሎ፣ በምድር ወገብ ዙሪያ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲነፍስ ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ዓለምን ዞረ። ሊቃውንቱም እዚያ ላይ ነፋሱ ሁልጊዜ ከምሥራቅ ነው ብለው ደመደሙ። በ1908 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው አርተር በርሰን ወደ እኛው ምሥራቅ አፍሪካ መጥቶ ከቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ ፊኛ ሲለቅ ግን ከፍታው ላይ ነፋሱን ከምዕራብ ሲነፍስ አገኘው። ማን ተሳሳተ? ማንም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው ሪቻርድ ሪድና እንግሊዛውያኑ ቬርያርድና ኤብደን እንዳሳዩት፣ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው የምድር ወገብ ነፋስ በአማካይ በ28 ወር ዑደት አቅጣጫውን ይቀያይራል። ሐረር በ9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስላለች ዑደቱ ከራሷ በላይ ነው።

ይህን ነፋስ ማን ይገፋዋል? በ1968 እ.ኤ.አ. ሊንድዘንና ሆልተን የሰጡት መልስ፦ ከታች የሚነሱ ሞገዶች። ነፋስ ተራራ ሲገጥመው ወደ ላይ ይገፋል። ከፍ ያለው አየር ከዙሪያው ስለሚከብድ ክብደቱ መልሶ ይጥለዋል፤ አልፎ ይወርዳል፣ ተመልሶ ይወጣል። በጀሪካን የያዝነው ውኃ ስንራመድ እንደሚላጋው ማለት ነው። የክረምት ነጎድጓድ ደመናም እንዲሁ አየሩን ያናውጣል። ሞገዱ ወደ ሣሣው አየር ሲወጣ እየገዘፈ ሄዶ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ እንደሚሰበር ማዕበል ይሰበራል። ያን ጊዜ አየሩ ይናወጣል፣ የያዘው ግፊትም ለነፋሱ ይተላለፋል። አውሮፕላን ውስጥ ደመና በሌለበት ሰማይ ድንገት የምንንገጫገጨው ብዙ ጊዜ በዚሁ ስብራት ነው።

ስሙ ያደናግራል። «የስበት ሞገድ» ስንል በ2016 እ.ኤ.አ. መገኘቱ የተበሠረው፣ ከጥቁር ጉድጓዶች ግጭት የሚመጣው አይደለም። እሱ ሌላ ነው። ይህኛው ሐኪም ጋራን የሚመታ ማንኛውም ጠንካራ ነፋስ ሊያስነሳው የሚችል ተራ ነገር ነው።

ጥር 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ቶንጋ ላይ ሌላ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ሞገዱ ከክራካታው ጋር የሚስተካከል ነበር። የኑክሌር ሙከራን የሚከታተለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ያሉት 53 የአየር ሞገድ ማዳመጫ ጣቢያዎች በሙሉ መዝግበውታል፤ አንዱ ጎረቤታችን ጂቡቲ ነው። ሐረር ሲደርስ፣ በእኔ ስሌት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነበር። ዛሬ ብዙ ስልኮች ውስጥ የግፊት መለኪያ አለ፤ የሚመዘግብ መተግበሪያም በነፃ ይገኛል። የዚያን ምሽት ንባብ ሐረር፣ ድሬዳዋ ወይም ጅግጅጋ ላይ ያስቀመጣችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ከ2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ያለው ይበቃል።