የመንግሥት የኪራይ መኪኖች፦ ትዕዛዝ ሲሻር ሕግ ይቀራል

መንግሥታችን በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ይፋ ካደረገ ወዲህ፣ የመሥሪያ ቤቶች መኪና በምን ዓይነት ሕግ ወደ ኤሌክትሪክ እንደሚዞር ሳስብ የአሜሪካን ልምድ አገላበጥኩ።

እዚያ ብዙ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች መኪና የሚከራዩት ከራሱ ከመንግሥት፣ ከጄኔራል ሰርቪስስ አድሚኒስትሬሽን ነው። ከ200,000 በላይ መኪኖች አሉት። በወር ኪራይና በተነዳው ማይል ያስከፍላል፤ ነዳጁና ጥገናው የእሱ ነው። ስለዚህ አከራዩ የገዛውን ተከራዩ ይነዳል። እ.ኤ.አ. በ2011 ለሙከራ 116 የኤሌክትሪክ መኪኖች ገዝቷል።

ፕሬዚዳንት ባይደን በዲሴምበር 2021፣ መንግሥት የሚይዛቸው አዳዲስ ቀላል ተሽከርካሪዎች በ2027 ሁሉም ጭስ አልባ እንዲሆኑ አዘዙ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በጃንዋሪ 2025 ሥልጣን በያዙበት ዕለት ሻሩት። አንድ ፊርማ ያመጣውን ሌላ ፊርማ ወሰደው።

ኮንግረስ ያወጣው የ1992 የኢነርጂ ፖሊሲ ሕግ ግን አልተነካም። በትልልቅ ከተሞች ለሚሰማሩ የፌዴራል ቀላል መኪኖች፣ ከአዲሶቹ 75 በመቶው በአማራጭ ነዳጅ የሚሄዱ ይሁኑ ይላል፤ በ2008 ሃይብሪድም ተጨምሮበታል። ክፍተቱ ትርጓሜው ላይ ነው። ኤታኖልም አማራጭ ነዳጅ ስለሚባል፣ መሥሪያ ቤቶች በሁለቱም የሚሠራ መኪና ይዘው ለዓመታት ቤንዚን ሲሞሉ ኖረዋል። በሪፖርት ላይ ግን 75 በመቶው ሞልቷል።